ምደባው መዘዞ ቢሆንስ?
(ሰው ሥራውን ከልቡ እንዲሠራ የሚያደርገው ምንድን ነው?)

የሥልጠናው ጊዜ እየተገባደደ ሲሄድ በግቢያችን ከሁሉ አብልጦ የሚወራው የምደባ ነገር ነው። ማን ደብረ ብርሃን አካባቢ ይቀራል? ማን ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል? ማንስ ጣርማ በር ላይ ታጥፎ ወደ መዘዞ፣ ከዚያም አልፎ ወደ መሐል ሜዳ ይወጣል? መዘዞ የሚለው ስም ሲነሣ ትከሻውን የሚሰብቅ አይጠፋም። «እዚያ ብርድ ውስጥ ተቀምጦ ማን ከልቡ ያስተምራል? ደመወዝ እየበሉ ዝውውር መጠበቅ ነው እንጂ» የሚል አስተያየት አንድም ሁለቴም ሰምተናል።

ይህ አነጋገር በሳቅ የሚታለፍ አይመስለንም። መዘዞ ውስጥ አንደኛ ክፍል የሚገባ የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል የሚቆጥረው አንድ ጊዜ ነው። የመምህሩ አካል ክፍል ውስጥ፣ ልቡ ግን መናኸሪያ ከሆነ ለዚያ ልጅ የባከነውን ዓመት የሚመልስለት የለም። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ዘርዘር አድርገን ልናየው ወደድን። ለመሆኑ ሰው የሚችለውን ሁሉ አውጥቶ እንዲሠራ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በጋዜጣው ክበባችን ውስጥ በተደረገው ክርክር ሁለት ወገን ተፈጥሮ ነበር። አንደኛው «ደመወዝ ይጨመር፣ ሌላው ወሬ ነው» አለ። ሁለተኛው «የሙያ ፍቅር ያለው ሰው የትም ቢጥሉት ይሠራል» ብሎ ተነሣ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ግን ሁለቱም የያዙት ግማሹን ይመስለናል።

ከደመወዙ እንጀምር። «እውነተኛ መምህር ስለ ገንዘብ አያስብም» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ መጀመሪያ የእሱ ኪስ እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። የቤት ኪራይ ያልከፈለ፣ ለእናቱ የሚልከው ያጣ መምህር ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞም ሒሳብ የሚሠራው ስለ ራሱ ዕዳ ነው። ገንዘብ ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ የሚገኘው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ሠራተኛ አልቆይ ብሎት ተቸግሮ ነበር። ሥራው በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ማጥበቅ የመሰለ ነበርና ሰዉ እየተቀጠረ ይለቃል። አንድን የሥራ ቦታ ለመሙላት በዓመት ውስጥ በአማካይ ከሦስት ሰው በላይ መቅጠር ግድ ሆነ። በ1914 ጥር ላይ ፋብሪካው የቀን ገቢውን ወደ አምስት ዶላር ከፍ አደረገው፤ ከቀድሞው እጥፍ ያህል ማለት ነው። ወረፋው ከበር አልፎ መንገድ ሞላ፤ መልቀቁም በእጅጉ ቀነሰ። ነገር ግን ብሎኑ ያው ብሎን ነበር። ሰዎቹ ቆዩ፤ ሥራው ግን አልተወደደም። ገንዘብ ሰውን ከቦታው ላይ ያቆየዋል፤ ልቡን ለማምጣት ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል።

ይህንኑ በጥናት መልክ ያቀረቡት ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን የጠየቁት ጥያቄ በጣም ቀላል ነበር። «በሥራህ እጅግ ደስ ያለህን ጊዜ ንገረኝ፤ እጅግ የከፋህንም ጊዜ ንገረኝ» ነው ያሏቸው። መልሱ ሲደረደር አንድ የሚገርም ነገር ታየ። ደስ ያላቸው ጊዜ አንድ ነገር ሠርተው ውጤት ያዩበት፣ ሥራቸው የታወቀላቸው፣ ኃላፊነት የተሰጣቸው ጊዜ ነው። የከፋቸው ጊዜ ግን አለቃው የተጨቃጨቀበት፣ ደንቡ የተወሳሰበበት፣ ክፍያው ያነሰበት፣ ቦታው ያልተመቸበት ነው። ማለትም የሚያስደስተውና የሚያስከፋው ነገር የአንድ ዱላ ሁለት ጫፍ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ዱላ ሆኖ ተገኘ።

በወጥ እንመስለው። ጨው ያነሰበት ወጥ ማንም አይወደውም፤ ገበታው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያማርራል። ጨዉ ልክ ሲሆን ግን «ወይ ጨው!» ብሎ የሚያመሰግን የለም። እጥፍ ብታደርጉትም ወጡ አይጣፍጥም። ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤት፣ መጓጓዣ ጨው ናቸው። እነዚህን አጓድሎ መምህሩን «የሙያ ፍቅር የለህም» ማለት ግፍ ነው። እነዚህን ብቻ አሟልቶ ትጋትን መጠበቅም የዋህነት ነው። (የኸርዝበርግን ጥናት የተቹም አሉ። ሰው መልካሙን ለራሱ፣ ክፉውን ለአለቃው የመስጠት ጠባይ ስላለው መልሱን እንዳለ መቀበል አያስተማምንም ይላሉ። ትችቱ ሚዛን የሚደፋ ነው። ቢሆንም የራሳችንን ልብ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ ከዚያው ይጠጋል።)

እንዲያውም ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያሻም። የገብስ አጨዳ ሲደርስ በመዘዞ ደጋም ሆነ በሌላው የሰሜን ሸዋ ገጠር ሁለት ዓይነት የመረዳጃ ሥራ እናያለን፤ ወንፈልና ደቦ። ወንፈል ሒሳብ ነው። ዛሬ ለእኔ አንድ ቀን ዋልክ፣ ነገ ለአንተ አንድ ቀን እውላለሁ፤ በበሬ ከረዳኸኝ በበሬ እመልሳለሁ። ሒሳቡ ንጹሕ ስለሆነ ጠብ የለበትም፤ ሥራውም ይሠራል። ደቦ ግን ከዚያ ይለያል። ባለ ጉዳዩ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል። የመጣው ሰው ረድፍ ይዞ ያጭዳል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ወደ ኋላ የቀረው ይተረባል፤ የቀደመው ይወደሳል። በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልቀው ማሳ ለብቻው የሚያጭድ ሰው ሳምንት የሚፈጅበት ነው።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። ለደቦ መጥቶ ሲያጭድ የዋለውን ጎረቤት ማታ ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቃችሁ ጥቂት ብር በእጁ ብታስጨብጡት ምን ይላል? ደስ የሚለው እንዳይመስላችሁ። «ሙያተኛ አደረጋችሁኝ እንዴ?» ብሎ ይቀየማል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራም ልጁን ይልክ ይሆናል። የመጣው ለጠላው አይደለም፤ ለብሩም አይደለም። የመጣው ሰው ስለሆነ፣ ጎረቤት ስለሆነ፣ ማጭዱን ሲያነሣ የሚያየውና ስሙን የሚጠራ ሰው ስላለ ነው። ጠላው ቀጭን ቢሆን ግን መታማቱ አይቀርም፤ ይኸውላችሁ ጨዉ!

ከመዘዞ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ጓሳ ከተባለው ደጋ ያደርሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚገኝ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን የጓሳ ሣር የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ሰፊ ሜዳ ነው። ይህን መሬት የመንዝ ሰው ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቅ የኖረው «ቄሮ» በተባለ የራሱ ሥርዓት ነበር። የአስቦና የጌራ ትውልድ የሆኑት ባለ ርስቶች «አባ ቄራ» የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ በአንድ ላይ ተከፍቶ ይታጨዳል። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ለጠባቂው ደመወዝ የሚቆርጥለት መሥሪያ ቤት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን ይህ ሥርዓት ከርስቱ ጋር አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሜዳው «የመንግሥት» ነው ተባለና ጥበቃው ላላ፤ ሣሩም ያለ ጊዜው መታጨድና መጋጥ ጀመረ። ጥበቃው ዳግም ነፍስ የዘራው ማኅበረሰቡ ራሱ ተመልሶ በደንቡና በአጠባበቁ ላይ ድምፅ ሲያገኝ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፈን አይገባንም። በቄሮ ዘመን ርስት ያልነበረው ሰው ድርሻ አልነበረውም፤ አዋጁም ያለ ምክንያት አልመጣም። ከሥራ መንፈስ አንጻር ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሰው «የእኔ ነው፣ ሲወሰንም ነበርኩበት» የሚለውን ነገር ሌሊት ተነሥቶ ይጠብቃል። «የእነሱ ነው» የሚለውን ግን ቀን በዐይኑ እያየ ያልፈዋል።

መምህራንም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መምህራን የሥራ ማቆም አድማ የመቱት «የትምህርት ዘርፍ ጥናት» በተባለው ዕቅድ ምክንያት እንደነበር የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከቅሬታዎቹ አንዱ የኑሮ ነገር ነበር። ሌላው ግን የራሳቸው ሙያ ተጠንቶ ተቆርጦ መጣልን፣ እኛን የጠየቀን የለም የሚል ነበር። አንድ ርእሰ መምህር የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ለብቻው ሠርቶ ግድግዳ ላይ ቢለጥፈው፣ ያንኑ ድልድል መምህራኑን ሰብስቦ ቢያወጣው፣ ወረቀቱ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መስከረም ላይ የሚታየው ትጋት ግን አንድ ዓይነት አይሆንም።

ሌላው ነገር የሥራን ፍሬ በዐይን ማየት ነው። በመንዝና በአካባቢው ሴቶቹ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ባና ይሠራል። ሸማኔው ከመጀመሪያው ክር ጀምሮ ባናው ታጥፎ እስኪቀመጥ ድረስ ሥራው በእጁ ነው፤ ገበያ ላይ የገዛው ሰው ብርድ ሲመታው ተከናንቦት ሲያልፍም ያየዋል። ከዚህ ጋር የመዘዞን ኦፓል አነጻጽሩት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከመንዝ ጊሼ በኩል የተገኘው ቡናማ የከበረ ድንጋይ በውጭ ገበያ የሚታወቀው «የመዘዞ ኦፓል» እየተባለ ነው። ቆፋሪው ገደሉን ፈልፍሎ ድንቡልቡሉን ድንጋይ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ማን ጣት ላይ እንደሚያርፍ፣ በስንት እንደሚሸጥ አያውቅም። ያ ኦፓል ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ አለበት። ገዢው ሩቅ፣ ዋጋው የአንድ ቀን ከሆነ ቆፋሪው ስለ ስንጥቁ ለምን ይጨነቃል? በባህርዩ ከሸማኔው የከፋ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሥራው መጨረሻ ከእሱ ስለተቆረጠ ነው። የስዊድኑ ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1974 ካልማር በተባለ ከተማ በከፈተው ፋብሪካ የሚንቀሳቀሰውን መስመር ትቶ ሠራተኞቹን በቡድን ከፍሎ የመኪናውን ትልቅ ክፍል እንዲገጣጥሙ ያደረገው ይህን የተቆረጠ ነገር ለመቀጠል ነበር። ፋብሪካው በ1994 ተዘጋ፤ ሐሳቡ ግን እስካሁን ያከራክራል።

ታዲያ የእኛ ሥራ ከየትኛው ይመደባል? ከባናው ነው ወይስ ከኦፓሉ? እውነቱን ለመናገር በመሃል ነው። አንደኛ ክፍል ያስተማርነው ልጅ ሐኪም ሲሆን እኛ ላናየው እንችላለን። ነገር ግን መስከረም ላይ «ሀ»ን ገልብጦ የሚጽፍ ልጅ ሰኔ ላይ ስሙን ከነአባቱ ሲጽፍ እናያለን፤ ለማየት ካሰብንበት ነው ታዲያ። አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ የጻፉበትን አንድ አንድ ገጽ ሰብስቦ ማስቀመጥ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ማየት። ወላጆች በተሰበሰቡበት ቀን ቢዘረጋ ደግሞ ፍሬውን የሚያየው መምህሩ ብቻ አይሆንም።

ይህን ስንል በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትዝ ይለናል። መምህራንና ተማሪዎች ወደ ቀበሌውና ወደ ገጠሩ ወጥተው ሽማግሌና ባልቴት ፊደል አስቆጠሩ፤ ትምህርቱ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት አገኘችበት። ሁሉም በፈቃዱ ሄደ ብለን አንዋሽም። ግዴታ ነበረበት፤ ጫና ነበረበት፤ ሳይወድ የወጣ ብዙ ነው። ነገር ግን ሳይወዱ ከሄዱት መካከል ሥራው በኋላ ልባቸውን የያዘው ጥቂት አልነበሩም። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ በጣቱ ሲያትም የኖረ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ብዕር ይዞ ሲፈርም አጠገቡ ቆሞ ማየት ከየትኛውም ንግግር ይበልጥ ሰውን ያተጋል። በሌላ በኩል ዘመቻው ሲያልፍ የሚነበብ ነገር ባለመኖሩ ብዙው ሰው የተማረውን ረሳው። ያን የሰማ አስተማሪ በሁለተኛው ዙር ምን ያህል ልብ ይኖረዋል?

አሁን ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል እንግባ፤ ምክንያቱም የብዙ አዲስ መምህር ትጋት የሚሞተው ብርዱ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ቺካጎ አጠገብ ሆቶርን በተባለው የስልክ ዕቃ ፋብሪካ 14 ወንዶች በአንድ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ተመራማሪዎች ተቀምጠው ይታዘቧቸው ነበር። ክፍያው ብዙ ለሠራ ብዙ የሚሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ ሰዎቹ «የቀን ሥራ ይህን ያህል ነው» ብለው በመካከላቸው ልክ አበጁ። ከልኩ ያለፈ ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ክንዱንም በቡጢ ይመታል። በገንዘብ ቋንቋ ካየነው ሞኝነት ነው፤ በሰው ቋንቋ ካየነው ግን ግልጽ ነው። ሰው ከጓደኞቹ መገለልን ከደመወዝ መጉደል ይልቅ ይፈራል።

የእኛ አገር ቡጢ «ተው ባክህ!» ናት። አዲሱ መምህር የማስተማሪያ መርጃ ከካርቶን ሲቀድ «ተው ባክህ፣ ገና አዲስ ስለሆንክ ነው፤ እኛም እንዲሁ ነበርን» ይባላል። የሚለው ሰው ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ሻይ የሚጋብዘው እሱ ነው። እዚህ ላይ ብቻውን የሚታገል ሰው ብዙ አይቆይም። ሁለት ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሆናችሁ ብትመደቡ አንዳችሁ የሌላውን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ገብታችሁ እዩ፤ ለመተቸት ሳይሆን የደቦ ዐይን ለመሆን።

የክብርም ነገር አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያስነገሩት አዋጅ አንጥረኛውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል፣ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው የሚል ነበር። ንጉሡ የተረዱት ነገር ሙያው የሚሰደብበት ሰው ልጁን ሙያውን እንደማያስተምር ነው። ለመምህሩ ማንም እንዲህ ያለ ስድብ አላወጣለትም፤ ችግሩ ራሱ ማሳነሱ ላይ ነው። «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ኧረ መምህር ነኝ ብቻ» የሚል ስንት አለ! ያቺ «ብቻ» ከየት እንደመጣች ቢመረመር ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ለአሠልጣኞቻችን የምናቀርበው አንድ ነገር አለን። በሽልማት ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለናል። እነማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ወገን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ፤ ሁለተኛው ሳይነገረው ተሸለመ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከቀናት በኋላ በነጻው ሰዓት ሲታዩ ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሣሉ። ጨዋታ የነበረው ሥራ ሆነባቸው። ኤድዋርድ ዴሲ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ እንቆቅልሽ በመፍታታቸው ገንዘብ የተከፈላቸው ፍላጎታቸው ሲቀንስ፣ በቃል የተመሰገኑት ግን ፍላጎታቸው ሲጨምር አዩ። ይህ ማለት ሽልማት ሁሉ ጎጂ ነው ማለት አይደለም፤ አሰልቺ ለሆነ ሥራ ክፍያ ይጠቅማል። ሥራው ቀድሞ የተወደደ ከሆነ ግን በሽልማት መግዛት ፍቅሩን ሊያባርረው ይችላል።

ለማስተማር ልምምድ ወደ ክፍል ስንገባ ከኋላ ተቀምጣችሁ የምትሞሉት ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ ድምፅ፣ አለባበስ፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የጊዜ አጠባበቅ ሰፍሯል፤ ከታች ደግሞ «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ «ደህና ነው» ወይም «ይበርታ» ተብሎ ሲጻፍ ዕጩ መምህሩ ምን እንዳደረገ አያውቅም። «ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ስትፈራ ጥያቄውን አቅልለህ መልሰህ ጠየቅሃት፤ መለሰችም» ተብሎ ቢጻፍ ግን መዘዞ ድረስ ይዞት የሚሄደው ነገር አገኘ። ቦታው ጠባብ ነው የሚል ቅሬታ ከአሠልጣኞች ሰምተናል፤ ቅጹ እንደገና ሲባዛ ሁለት መስመር ቢጨመርበት የሚፈጀው ወረቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።